የናፍጣ ክዳኑ ቁልፍ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ሁለት ሳምንት አመንትቻለሁ። ማንም አልሞተበትም። አንዲት አሮጌ መኪና ዳገት ላይ እየጠፋች ታስቸግር ነበር፣ በኋላ መጥፋቷን ተወች፤ ቢጨመቅ ከዚህ አያልፍም። የመኝታ ክፍሌ ልጆች ስለ ቤታቸው ሲያወሩ የሰርግና የልቅሶ ወሬ አላቸው፤ እኔ ተነስቼ ስለ ናፍጣ ባወራ ማን ይሰማኛል? ደግሞም በታሪኩ ውስጥ ያለሁት እኔ ደስ የምል ሰው አይደለሁም። ግን ከዕረፍት ከተመለስኩ ጀምሮ ለማጥናት ደብተር በገለጥኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ይኸው ነገር ስለሆነ፣ ጽፌው ብጨርስ ይሻላል።

አባቴ ጭሮ ውስጥ ሹፌር ነው። መኪናው ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የተገዛች ነጭ የፊልድ መኪና ናት። በሮቿ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቋል፤ ፀሐይ ከጎን ስትመታት ግን የፊደሎቹ ቅርጽ ዛሬም ይታያል። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ሚኒባሶች ከገለምሶ ወደ መቻራ በሚወስደው መንገድ ላይ ሲያቅማሙ፣ አባቴ አስተማሪውንም፣ ነርሷንም፣ ነጋዴውንም ጭኖ ያልፋል። ሲመለስ ቡና ይጭናል።

የሞተር በሽታ የሚያውቀው በጆሮው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ የአንዲት የወይራ ዱላ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፤ ሌላውን ጫፍ ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ሁለተኛው ኖዝል ይንጠባጠባል» ይላል፤ ኖዝል ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ነው። ሲፈታ እንዳለው ሆኖ ይገኛል። መካኒኮች ሳይቀሩ እየመጡ ይጠይቁት ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ዓመት ያዳመጠው ሞተር ጆሮውን ቀስ በቀስ ወሰደው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ቀጫጭን ድምፆች መስማት ተስኖት ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲጮህ አይሰማም፤ እናቴ ከጓዳ ስትጠራው አይሰማም። ለማንም አልተናገረም። አንድ ቀን ብቻ ኮፈኑን ከፍቶ ዙሪያውን አየና ዱላውን ለእኔ ዘረጋልኝ።

«እስቲ ስሚልኝ» አለኝ።

የሰማሁትን ነገርኩት። «እንደ ስፌት መኪና ትክ ትክ ይላል፤ በመሃል ግን አንዱን ይዘላል» አልኩ። ሳቀና ግንባሬን ሳመኝ። በማግስቱ ዱላውን በቁመቴ ለክቶ በመጋዝ አሳጠረልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ እሰማለሁ፣ እሱ ያውቃል። ትምህርት በሌለ ቀን ጋቢና ውስጥ ከጎኑ እቀመጣለሁ፤ ዱላዋ በጉልበቶቼ መሃል ትቆማለች። ጎረቤቶቻችን «የአባትሽ ጆሮ» ይሉኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የከበደኝ ከእናቴ መለየት አልነበረም፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ የከበደኝ ያቺን ዱላ ከበሩ ኋላ ጥዬ መውጣት ነበር።

በየካቲት ለሴሚስተር ዕረፍት ስመጣ አባቴ መነኸሪያ ድረስ መጥቶ ጠበቀኝ። ሻንጣዬን ይዤ ወደ ጋቢናው ስሮጥ ሰው ተቀምጦበታል። የወንድሜ ሚስት ናት። ወንድሜ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ስለሚነዳ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ እሷ ከገለምሶ ተድራ እኛ ግቢ ከገባች ገና ዓመቷ ነው። ልብስና ጫማ ከጭሮ እየገዛች ወደ ገለምሶና መቻራ ገበያ ትወስዳለች፤ ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ከአባቴ ጋር ትጓዛለች። ይህን አውቃለሁ። ያላወቅኩት ዱላዬ በጉልበቶቿ መሃል እንደምትቆም ነው።

«አቦ! ተማሪዋ መጣች!» ብላ ወርዳ አቀፈችኝ። «ክሳት አይደል እንዴ ይሄ? እዚያ ምግብ አይሰጧችሁም?»

«ይሰጡናል።»

«ዩኒቨርሲቲ አጥንት ነው እንዴ የሚያስተምረው?» አለችና ሳቀች። አባቴም ሳቀ። ከዚያ ተመልሳ ጋቢና ገባች። ክፋት አልነበረባትም፤ የለመደችው ቦታ ስለሆነ ነው። እኔ ከኋላ ከሻንጣዬ ጋር ተቀመጥኩ። መንገዱን ሙሉ የማየው የሻሿን ቋጠሮና የዱላዬን ጫፍ ብቻ ነበር።

ቤት ስንደርስ ሻንጣዬን ከፍቼ ስጦታዬን አወጣሁ፤ ቁልፍ ያለው አዲስ የናፍጣ ታንክ ክዳን። የመኪናችን ክዳን ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል። አባቴ በምትኩ የበቆሎ ቆረቆንዳ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጫት በሚታሰርበት ልጥ ጠፍሮ ይወትፈው ነበር። በእኛ በኩል ጀሪካንም ጠርሙስም የሚወተፈው በዚሁ ስለሆነ የሚስቅበት ሰው የለም። ግን መስከረም ላይ አባቴ ሲሸኘኝ ያየ አንድ ልጅ ካምፓስ ገብቶ «የእሷ አባት መኪና በበቆሎ ነው የምትሄደው፤ በናፍጣ አይደለም» ብሎ አወራ። ሴሚስተሩን ሙሉ ስሜ «በቆሎ» ሆኖ ከረመ። ከኪስ ገንዘቤ እየቆጠብኩ ክዳኑን የገዛሁት ለዚህ ነው።

አባቴ ክዳኑን አገላብጦ አየው። «ማሻአላህ፤ የአዲስ መኪና አስመሰልሻት» አለ። ቆረቆንዳውን ግን አልጣለውም፤ ከመቀመጫው ሥር ወረወረው።

«ቆረቆንዳው ምን አደረገሽ?» አለችኝ የወንድሜ ሚስት። «ዕድሜ ልኩን ያገለገለ ነው እኮ።»

«ያሳፍራል» አልኳት።

«ማንን?»

ክዳኑን ከአባቴ እጅ ወሰድኩ።

ክዳኑን ከመግጠሜ በፊት በደንብ መረመርኩት። ከውስጥ በኩል መርፌ የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ ነበረችው። የፋብሪካ ስህተት መሰለችኝ። የበጋ አቧራ በዚያ ገብቶ ናፍጣውን ያበላሻል ብዬ፣ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳርያ ክብ ቆርጬ በማስቲሽ ለጠፍኩባት። አልበቃኝም፤ በአፉ ዙሪያም ሌላ ላስቲክ ጨመርኩ። ስዘጋው ግጥም አለ።

«አባ፣ ከእንግዲህ አየር እንኳ አያልፍበትም» አልኩት። በጆሮው ተጠግቼ ጮክ ብዬ ነው የነገርኩት፤ እሷም እንድትሰማ።

አባቴ ቁልፍ ስለሚጥል ቁልፉን በክር አድርጌ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። እንግዲህ ዱላው ባይኖረኝም ከመኪናዋ አንድ ነገር የእኔ ሆነ።

ከሁለት ቀን በኋላ ታንኩን ሞልተን ወደ መቻራ ተነሳን። ከኋላ እኔ፣ አንድ መምህርና ሁለት ነጋዴዎች አለን፤ ጋቢና ያው ነው። ወደ ቁኒ የሚወስደውን ዳገት ልንጨርስ ስንል መኪናዋ ጉልበት አጣች፤ ሁለት ሦስቴ ተንገጫገጨችና ጠፋች። አባቴ ወረደ። ኮፈኑን ከፈተና ዘወር ሳይል እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ተነስቼ ነበር፤ እጁ ላይ ዱላውን ያስቀመጠችው ግን እሷ ናት። እሱም ዱላውን ጨብጦ መልሶ ለእሷ ሰጣት፤ ለእኔ ይሰጠኝ የነበረው ልክ እንደዚያ ነው።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተን ሲያስነሳት ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ተነሳች። በዴሳ ልንገባ ስንል ደግሞ ጠፋች።

«ሶላት ደረሰባት መሰለኝ» አለ አንዱ ነጋዴ።

«የትንፋሽ በሽታ ነው» አለ መምህሩ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ሁልጊዜ መጽሐፍ ብብቱ ሥር የሚይዝ ሰው ነው። «ይቺ እንኳን መቻራ፣ ጡረታም አትደርስ።»

ገለምሶ ያለው መካኒክ «አየር ይዛለች» አለና ናፍጣ ማጣሪያው ፊልትሮ ላይ ያለውን ብሎን ፈታ አድርጎ በእጅ ፓምፕ ናፍጣውን ገፋው፤ አረፋ ወጣ፤ ዘጋው። አየር ይዛለች የሚባለው ምርመራ በእኛ አገር ለናፍጣ መኪና ሁሉ የሚሰጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ግን እዚያው ዳገት ላይ፣ እዚያው ጥምዝ ላይ ጠፋች። ፊልትሮው ተቀየረ። አሁንም እዚያው።

እኔ ደብተር አወጣሁ። ገጹን በማስመሪያ ከፋፍዬ የጠፋችበትን ቦታ፣ ከተነሳን ስንት ደቂቃ እንደሆነን፣ ጭሷ ምን ዓይነት እንደነበር፣ ለመነሳት ስንት ደቂቃ እንደፈጀባት መዘገብኩ። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ቶሎ፣ ሲጎድል ዘግይታ እንደምትጠፋም ጽፌያለሁ። እዚያው ፊቴ ተጽፎ ነበር። እኔ ግን የደመደምኩት የናፍጣ ፓምፑ አርጅቷል ብዬ ነው፤ ትልቅና ከባድ መልስ ስለፈለግኩ ይመስለኛል። የሞላሁትን ሦስት ገጽ ለአባቴ አነበብኩለት። በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«ጎበዝ» አለኝ። የእንግዳ ልጅ መዝሙር ሲያሰማ እንደሚባለው ዓይነት ጎበዝ።

የወንድሜ ሚስት ዱላውን ፊልትሮው ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ «ላኪ» አለች፤ በኦሮምኛ አይደለም ማለቷ ነው። «ላኪ፣ አባ። ፓምፕ አይደለም። ስትጠፋ አትታነቅም፤ ይጠማታል። መሳብ ትስባለች፤ የሚመጣ ነገር ግን የለም።»

የአባቴ ፊት በራ። «ይጠማታል አልሽ?»

«ኤዬ። ጡት ፈልጋ እንደምታጣ ሕፃን።»

«እንዲህ ነው የሚሰማው!» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ሰማሽ? ይህቺ ልጅ ጆሮ አላት።»

ከመንደሩ ሁሉ ጆሮ አላት የተባልኩት እኔ ነበርኩ። ሦስት ገጽ ጽፌ ያላገኘሁትን ያን ፊት በአንድ ቃል ወሰደችው። የዚያን ቀን ምሳ ላይ ሽንኩርቱን ወፍራም አድርጋ እንደከተፈችው አይቼ «ሰው እንዲህ አይከትፍም» አልኳት። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ሽንኩርቱ ምሳውን አላበላሸውም ነበር፤ ጥሩ ምግብ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ከዳገቱ አልፈን በዴሳ አጠገብ ጠፋች። አባቴና እሷ ኮፈኑ ሥር ናቸው። አባቴ ናፍጣ አንሶባት እንደሆነ ብሎ «ከጀሪካኑ ጨምሪባት» አለኝ። ጀሪካኑን ይዤ ወደ ኋላ ዞርኩ፤ ከአንገቴ ቁልፉን አውጥቼ ክዳኑን ከፈትኩ። ክዳኑ እምቢ አለኝ። አንድ ነገር ከውስጥ ይዞ የሚጎትተው ይመስል ነበር። በኃይል ስስበው ታንኩ ትንፋሽ ወሰደ፤ ሽ... የሚል ረጅም ድምፅ፣ ከውሃ ውስጥ ብቅ ያለ ሰው አየር ሲስብ ዓይነት።

ክዳኑን ገለበጥኩት። የለጠፍኩት ካላማዳርያ ወደ ውስጥ ተስቦ እምብርት ሠርቷል።

ወዲያው ገባኝ። ናፍጣው ሲወጣ ቦታውን የሚተካ አየር ይፈልጋል። ያቺ የመርፌ ቀዳዳ ስህተት አልነበረችም፤ መተንፈሻ ናት። ታንኩ ሲሞላ ደግሞ በውስጡ የሚቀረው አየር ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ትታፈናለች። ቆረቆንዳው በጨርቁ በኩል ያስተነፍስ ነበር። እኔ ግን አፏን አፍኜ ዘግቼ፣ ቁልፉንም አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ደብተር ይዤ በሽታዋን እፈልጋለሁ። ማታ ቆማ ስታድር በላስቲኩ ዙሪያ ትንሽ ትንሽ አየር ስለሚሾልክ ጠዋት ስንሞላ ድምፁ አይሰማም። አሁን ግን ሰማሁት። አባቴ እዚህ ቢቆምም አይሰማውም ነበር።

እዚያ ጀሪካኑን እንደያዝኩ የቆምኩት ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ነው። «አባ፣ አገኘሁት!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ከኮፈኑ ሥር የእሷ ድምፅ መጣ፤ «አባ፣ አሁንም ይጠማታል» ትላለች። ልክ ናት። ብናገር እሷ ልክ እንደነበረች፣ እኔ ደግሞ በሽታው ራሱ እንደነበርኩ ይታወቃል። ናፍጣውን ጨመርኩ። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ። ቆለፍኩ።

መኪናዋ ተነሳች። አባቴ «ምን ነካሽ? ላብ በላብ ሆነሻል» አለኝ።

«ጀሪካኑ ከብዶኝ ነው።»

ረቡዕ ጭሮ ጋራዥ ውስጥ ናፍጣ ሳቢው ፓምፕ ተፈታ። ጤነኛ ነው። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እኔ አላውቅም፤ ወላሂ አላውቅም። አንተ ስማትና ንገረኝ እንጂ፤ ድሮ እንደዚያ አልነበር?» አለው አባቴን። አባቴ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«መኪናዋ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» አለ ለእናቴ። «ድሮ ብሆን በሁለት ደቂቃ አውቅላት ነበር። ዳገት ላይ ሰው ጭኜ፣ የምነዳትን መኪና የማልሰማ ሰው ምን ሹፌር ነኝ? ሂርና ላለው ሰውዬ ደውዬለታለሁ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣል።»

ሂርና ያለው ሰውዬ አሮጌ መኪና እየገዛ ፈታትቶ ዕቃውን የሚሸጥ ነው። የእኛ መኪና ለእሱ በር፣ ጎማና ሞተር ናት። እናቴ ጫማውን ልታወልቅለት ጎንበስ አለች። እኔ የማውቀውን አልተናገርኩም። ቁልፉ ከሸሚዜ ሥር ቆዳዬ ላይ ቀዝቃዛ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ የወንድሜ ሚስት አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ተማሪዋ፣ ያንን ቁልፍ ስጪኝ እስቲ።»

«ለምን?»

«ታንኩን ልይ። ይጠማታል ብያለሁ አይደል? ከፊልትሮ ጀምሮ ሁሉም ተፈትሿል። ያላየነው ታንኩን ብቻ ነው።»

«ናፍጣ አላት። ጌጁ ያሳያል።»

«ጌጁ?» ብላ ሳቀች። «አንቺ፣ ያ ጌጅ እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ሙሉ ነው የሚለው። በጾም ጊዜም ሙሉ ነው።»

«እኔ ራሴ አይቼዋለሁ» አልኩ። ይህን ስል ፊቷን አላየሁም፤ የአባቴን ሸሚዝ ገመዱ ላይ አስተካክል ነበር። «ደህና ነው።»

«አንቺ ካየሽው ይሁን» አለችና ሄደች። አመነችኝ። ብትጠረጥረኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ዓርብ ሰውዬው መጣ። ወፍራምና ደግ ፊት ያለው፣ ጉንጩ ውስጥ ጫት ያቆየ ሰው ነው። መኪናዋን ዞሮ አየ፤ ጎማዋን በእግሩ መታ፤ በሯን ከፍቶ ዘጋ። «ጥሩ ናት። በቃ እንስማማ» አለ።

«አይሆንም» አለ አባቴ። «መጀመሪያ ነውሯን ታያለህ።»

«እኔ ፈታትቼ ልሸጣት ነው፤ ነውሯ ምን ያደርግልኛል?»

«ለአንተ ምንም ላያደርግ ይችላል። እኔ ግን ነውር ደብቄ አልሸጥም፤ ሐራም ነው። ቁኒ ዳገት ድረስ እንሂድ፤ ፊትህ ላይ ትጥፋ፤ ከዚያ አይተህ ግዛ።»

በእኛ ዘንድ አንድን ዕቃ የሚሸጥ ሰው ጉድለቱን ለገዢው መናገር አለበት። ላም የሚሸጥ «ትራገጣለች» ይላል፤ በቅሎ የሚሸጥ «ትደነግጣለች» ይላል። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው መኪናው ስትበላሽ እንዲታይለት ብሎ፣ ሙሉ ስትሆን ቶሎ እንደምትጠፋ ከደብተሬ ሰምቶ፣ ታንክ ሲያስሞላ ያየሁት ያን ቀን ነው። ታንኩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ሙሉ ቆማ ስለዋለች ድምፅ አልነበረም።

ሰውዬው ጋቢና ተቀመጠ፤ እኔና የወንድሜ ሚስት ከኋላ። ዱላዋን ይዛ ነበር። ዳገቱን ተያያዝነው። አባቴ በሁለት እጁ መሪውን ይዞ፣ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጆሮውን ወደ ፊት ያዘነብል ነበር፤ የማይሰማውን ለመስማት። ያቺን የአንገቱን ማዘንበል ከኋላ ሆኜ ሳይ ከሸሚዜ ሥር ቁልፉን ጨበጥኩ። ጥምዙ ጋ ስንደርስ መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ ተንገጫገጨች፣ ጠፋች።

አባቴ ፍሬን ይዞ ወደ ሰውዬው ዞረ። «ነውሯ ይኸው ነው» አለ። «ምክንያቱን አላውቀውም። የማላውቀው ደግሞ ጆሮዬ ስለማይሰማ ነው። ይህን ከቤቴ ውጭ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ግን እሱም ነውር ነውና ላንተ ነገርኩህ።»

ሰውዬው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የወንድሜ ሚስት ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ወረድኩ። የአባቴን በር ከፍቼ እጁን ያዝኩት።

«አባ፣ ና።»

«ወዴት?»

እየጎተትኩ ታንኩ ጋ አደረስኩት። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ክዳኑ ውስጥ አስገባሁና የእሱን እጅ በላዩ ላይ አደረግኩ። «አንተ ሳበው» አልኩት።

ሳበው። እምቢ አለ። ሲስበው ግንባሩ ተኮሳተረ፤ ጣቶቹ ቆሙ። «ይጎትተኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ከውስጥ ይጎትተኛል።» በኃይል ሲያላቅቀው ያ ረጅም ሽ... የሚል ድምፅ ወጣ፤ ሰውዬውና የወንድሜ ሚስት ሰሙት። አባቴ አልሰማውም፤ መዳፉ ግን አወቀው። መዳፉን የታንኩ አፍ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ክዳኑን ገለበጠ።

«ይህን ካላማዳርያ ማን ለጠፈው?»

«እኔ።»

«ሳታውቂ ነው።»

«ስለጥፍ አላወቅኩም። ማክሰኞ ግን አወቅኩ። ናፍጣ ስጨምር ሰማሁት።»

«ማክሰኞ?» አለ። ዛሬ ዓርብ መሆኑን፣ የተፈታውን ፓምፕ፣ ሂርና የተደወለውን ስልክ አንድ በአንድ ሲያስብ በፊቱ ላይ አየሁት። «ለምን ዝም አልሽ?»

ብዙ ነገር መናገር እችል ነበር። ያልኩት ግን ይህን ነው፤ «ዱላው የእኔ ነበር።»

ሰውዬው ሳቀ። «አንተ፣ ሞተሩ ደህና ነው፤ የተበላሸችው ልጅህ ናት» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

የወንድሜ ሚስት ዱላዋን ዘረጋችልኝ። ተቆጥታ ነበር፤ ጉንጮቿ ቀልተዋል። «እንኪ አቦ! ለእንጨት ነው እንዴ? ትናንት ጠየቅኩሽ እኮ! አንቺ ካየሽው ይሁን አልኩ፤ አመንኩሽ!»

እጄን ልዘረጋ ስል አባቴ በመሃላችን ገባ።

«አይሆንም» አለ። አልጮኸም። «አንቺው ያዢው፣ ልጄ» አላት ለእሷ። ከዚያ ለእኔ፤ «ያንቺ ጆሮ ጥሩ ነው። ግን ሰምቶ ዝም የሚል ጆሮ እኔ ምን ያደርግልኛል? የማይሰማ እኔም አለሁ።»

ከመቀመጫው ሥር ቆረቆንዳውን አውጥቶ አቧራውን በጭኑ ላይ አራገፈና ወተፈው። መኪናዋ በመጀመሪያው ተነሳች። ቁኒን አልፈን ሜዳው ላይ ዞረን፣ ሳትጠፋ ጭሮ ተመለስን። ሰውዬው ሲወርድ «እኔን ለምን ጠራችሁኝ?» እያለ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። መኪናዋ አልተሸጠችም።

የቀረውን ሳምንት አባቴ ከእኔ ጋር ስለ ሁሉም ነገር አወራ፤ ስለ ትምህርት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ አየሩ። ስለ ሞተር ግን አንዲት ቃል አልተናገረኝም። የወንድሜ ሚስት ሁለት ቀን ኮስተር አለችብኝ፤ በሦስተኛው ቀን ሽንኩርትና ቢላ ፊቴ አስቀምጣ «ሰው እንዴት እንደሚከትፍ አሳዪኝ» አለችኝ። ከተፍኩ። ከእሷ የተሻለ አልነበረም፤ እሷም ነገረችኝ። ቅናቱ ግን አልሄደም ነበር። ጠዋት ጠዋት ኮፈኑ ሲከፈት ከመስኮት አያቸዋለሁ፤ ዓይኗን ጨፍና ትነግረዋለች፣ ራሱን ይነቀንቃል። በየቀኑ ያቃጥለኝ ነበር። ጥፋተኛ መሆኔን ማወቄ ቃጠሎውን አልቀነሰውም።

የምመለስ ዕለት ሻንጣዬ ከተጫነ በኋላ አባቴ ሞተሩን አስነስቶ ኮፈኑን ከፈተ። ከዚያ እጁን ወደ ወንድሜ ሚስት ዘርግቶ ዱላውን ተቀበለና ወደ እኔ አዞረው።

«ትናንት አራተኛው ኖዝል ላይ ቀጭን ትክታ አለ ብላኛለች» አለ። «እስቲ ስሚልኝ።»

ዱላው አጥሮብኝ ነበር፤ ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። አራተኛው ላይ አሳርፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። እኩል የሆነ ምት ብቻ ነው የሰማሁት። እንደገና አዳመጥኩ። ትክታ የለም። «አዎ፣ ይሰማኛል» ብል እኩል እሆን ነበር፤ «ምንም የለም» ብል ደግሞ አሸንፋት ይሆናል። ሁለቱም በአእምሮዬ አልፈዋል፤ አልዋሽም።

«እኔ አልሰማሁትም» አልኩ። «እሷ ሰምታው ከሆነ ግን ይኖራል። ይፈታ።»

አባቴ ትንሽ አየኝና ኮፈኑን ዘጋ። ጋቢና ገብቶ በእጁ መቀመጫውን መታ መታ አደረገ፤ «ተጠጉ፤ ለሁለታችሁም ይበቃል።» ከማርሹ በኩል እሷ፣ ከመስኮቱ በኩል እኔ ሆነን ተጣበን ተቀመጥን፤ ዱላው በጉልበቶቻችን መሃል ቆመ። የክዳኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ አልነበረም። መነኸሪያ ደርሰን ስወርድ «በሚቀጥለው ስትመጪ ክዳን አታምጪ፤ ካልሲ ይሻለኛል» አለኝ አባቴ፤ እሷ ስትስቅ እኔም አብሬ ሳቅኩ። እሑድ፣ የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።